ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም

ሰሞኑን ሁለት ወዳጆቼ ቡና ላይ ስለ ጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ተከራከሩ። እሱ በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ሥራ የቆየ፣ ከመለኪያና ከማይክሮስኮፕ በቀር የማያምን ሰው ነው። እሷ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም በድንጋይ ከሚሠሩ ቆዳ ፋቂዎች ደጅ ተቀምጣ ሥራቸውን ስታይና ስትጠይቅ የኖረች ናት።

«የዛሬ ሰው ስለ ጥንቱ ምን ይነግረኛል? ድንጋዩ ራሱ ይናገራል» አለ። ድንጋይ ተናግሮለት ግን አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚናገረው እሱ ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለችው። ኮንሶ ውስጥ ድንጋዩን መርጠው የሚያመጡት፣ ጠርበው የሚስሉት፣ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ አጣብቀው ቆዳ የሚፍቁበት ሴቶች ናቸው። ልጅ ከእናቷ ትማራለች፤ እጇ የሚፈታው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በየጥንት ሰው ሥዕሉ ድንጋይ ሲጠርብ የምናየው ጢማም ወንድ ከየት መጣ?

«ኮንሶ አንድ ቦታ ነው» አለ፤ ያለው ይህን ብቻ ነው።

«እንግዲያውስ ጋሞን ልጨምርልህ። እዚያ የሚፍቁት ወንዶች ናቸው። በቆዳ መፋቂያው ድንጋይ ስል ጠርዝ ላይ አንዳንዴ ትንሽ ሹል ጫፍ ትቀራለች። በጥንት መፋቂያዎች ላይ ያቺን ሹል ያዩ ተመራማሪዎች ሆን ተብላ የተሠራች የአጥንትና የእንጨት መቅረጫ ናት ብለው ነበር። ጋሞ ውስጥ ሲጠና ግን በብዛት የተገኘችው በጀማሪዎችና ጉልበታቸው በደከመ ሽማግሌዎች መሣሪያ ላይ ነው። ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ ያልበሰለ ወይም የደከመ እጅ ስሕተት መሆኑን ትረዳ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!»

«ዘመኑ ይለያያል» ብሎ ስኒውን አነሣ። ዘመኑ አንድ ነው ያለው ማን ነው? የዛሬው ፋቂ የጥንቱ ቅጂ አይደለም፤ ግምታችን የት ላይ እንደሚስት የሚያሳየን ግን እሱ ነው። ስለዚህ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ነገሩ ደግሞ በአርኪዮሎጂ አያበቃም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እኛም ባለቤቱን ንቀን የኖርን ሕዝብ ነን። «ፋቂ» ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ቡዳ ብለናል፤ በብዙ ቦታ መሬትና ጋብቻ ነፍገናቸዋል። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ግን ኩራቱን የሁላችንም አደረግነው። ዩኒቨርሲቲ በየክልሉ ተከፍቷል፤ ከግቢው አጥር ማዶ ለምትፍቀው አሮጊት ግን ማን ወንበር ስቦ አስተምሪን አላት? ልጆቿ ስድቡን ሽሽት ሙያውን እየተዉ ነው፤ እኛም እሷ ከሞተች በኋላ መፋቂያዋን ቆፍረን አውጥተን ምን ይሆን እያልን ልንከራከር ነው።