ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት

ሕዝብን ለውይይት መጥራት ማንም ይችላል። እንዳይመጣ አድርጎ መጥራት ግን የተሰጣቸው ሰዎች ሥራ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ እኛ ሠፈር ይገኛል።

የሠፈራችን የመሬት አጠቃቀም ሊቀየር መሆኑን የሰማነው ከአንድ ቅጠል ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተለጠፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት። የማስታወቂያ ሰሌዳው ያለው ከወረዳው ግቢ ውስጥ ሲሆን ግቢው ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ይቆለፋል። ይህን ያሰበ ሰው ገበጣ ቢጫወት ማን ይችለዋል?

ማክሰኞ በመመረጡ የሚያሙ አሉ። ምን አጠፋ? ሠራተኛው ቢሮው ነው፣ ተማሪው ክፍል ነው፣ የጉሊቷ ሴት ከተነሣች ቦታዋን ሌላ ይይዝባታል። የቀረነው ጡረተኞች ነን፤ እኛ ደግሞ ወንበር ከተሰጠን አንጮህም። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይቅረብ አለ እንጂ ሕዝቡ ከሥራ ሲወጣ ይቅረብ መች አለ?

3 ሰዓት የተባለው 4 ሰዓት ተኩል ተጀመረ። ሰብሳቢው «ሌላ መድረክ» ነበረባቸው። ካርታው ግድግዳው ላይ በራ፤ ፕሮጀክተሩ ስለደበዘዘ ቢጫውም ቡናማውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ታየን፤ አድልዎ አልነበረበትም። አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጄ፣ የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?»

«እማማ፣ ፕላን ቀለም እንጂ ቤት አያሳይም።»

«እሺ፣ እኔ ምን ቀለም ደረሰኝ?»

«አረንጓዴ።»

«ተመስገን!» ብለው ተቀመጡ። አረንጓዴ በተቀባ ቦታ ላይ ቤት እንደማይኖር የነገራቸው የለም። ቤታቸው ከሚፈርስ ደስታቸውም ይፍረስ እንዴ?

ድሮ ይህም አልነበረም። ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚየ በ1936 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባን ንድፍ ሥሎ ለሙሶሊኒ ሲልክ ከተማዋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የዛሬዎቹ ቢያንስ መጥተው ያዩናል፣ ውኃም ያጠጡናል።

(አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች ያቀናጃል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ሕዝቡ ከ2006 ጀምሮ አስተያየቱን በአደባባይ ሰጥቷል። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ፕላኑም በ2008 ተሰረዘ። በዚህኛው አልቀልድም።)

የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነው የአዲስ አበባ የአሁኑ መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ዕድሜው በ2019 ያበቃል። ለሚቀጥለው ውይይት ከወዲሁ ሐሳብ ላዋጣ፦ የጥምቀት ዕለት ጠዋት ይሁን። ሕዝቡ ጃንሜዳ ስለሚሆን አዳራሹ አይጨናነቅም፣ ውኃውም ይተርፋል።

ሰብሳቢው ሲዘጉ «አስተያየታችሁን እንደ ግብዓት ወስደነዋል» አሉ። እውነት ነው ወስደውታል፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። «የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» ሲሉም አጨበጨብን፤ ለምሳ እየረፈደ ነበር።

ቤቴ ስደርስ አጥሬ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። በጣቴ ነካሁት። ደርቋል።