መኪና ልታዩ ስትሄዱ ካርቶን ያዙ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አሮጌ ፎር ዊል ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ሥራው ቦሌ ነው፣ ቤቱ አያት። በወር አንዴ ሁለቴ ከጓደኞቹ ጋር ከከተማ መውጣት ያምረዋል፤ ዝቋላ፣ ሱባ ደን፣ አንኮበር። ላንድክሩዘር የመግዛት አቅም የለውም፤ ቢኖረውም አያስፈልገውም። ትንሽ፣ ቀላል፣ ጭቃና ድንጋይ የማይፈራ መኪና ነው የፈለገው።

ሞዴል ልጠራለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኛ ገበያ ላይ የሞዴሉ ስም ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው ጥያቄ «ይቺ ፊትህ የቆመችው መኪና ምን ጎድሏታል?» የሚለው ነው።

ለምን መሰላችሁ? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ደላላ የሚያሳያችሁ የሱዙኪ ቪታራ ትናንት በጅቡቲ የገባ አይደለም። ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት እዚሁ ሲገላበጥ የኖረ ነው። አንዱ ባለቤት ቀለም ቀይሮለታል። ሌላው ሞተሩን አስወርዶ አሠርቶታል። ሌላው ደግሞ ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብሎ አንድ ነገር ነቅሎ ቤቱ አስቀምጧል።

የዚህን የመጨረሻውን ሰውዬ መኪና የገዛሁት እኔ ነኝ።

የ1990ዎቹ ሞዴል (በፈረንጆቹ ነው፤ የመኪና ዘመን ስንቆጥር ሁላችንም ፈረንጅ እንሆናለን) ባለ አምስት በር ቪታራ ነበረች። ጥቁር አረንጓዴ። ሞተሯ እንደ ስፌት መኪና ነው የሚሰማው። ሻጩ ትንሿን ማርሽ ወደ ፎር ዊል ሲገፋት ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ቦግ አለ። «ይኸው!» አለኝ። እኔም ይኸው ብዬ ከፈልኩ።

ነሐሴ ላይ ዝቋላ ሥር፣ የአድአ መረሬ፣ ያ ጥቁር አፈር ውስጥ ገባሁ። የኋላ ጎማዎቹ መዞር ጀመሩ። ማርሿን ገፋኋት፤ መብራቱ በራ። የፊት ጎማዎቹ ግን ነገሩ የማይመለከታቸው ይመስል ቆመዋል። የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ፤ በሬዎቻቸውን አምጥተው ሳቡኝ። በሬዎቹ ሲጎትቱ የፎር ዊሉ መብራት እንደበራ ነበር።

ሰኞ መካኒኬ ካርቶን አንጥፎ ሥሯ ገባና መሳቅ ጀመረ። «የፊት ካርዳኗ የታለ?» አለኝ። ካርዳን ጉልበቱን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ዘንግ ነው፤ ተነቅሏል። መብራቱስ ለምን ይበራል? መብራቱ የሚያውቀው የትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ማርሽ መግባቱን ብቻ ነው። ጉልበቱ የፊት ጎማ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ካርዳን የሌላት ቪታራ በአስፋልት ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ባለቤቷም ክረምት እስኪገባ ድረስ አይጠረጥርም።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ያልኩት መጀመሪያ ይኼንን ነው። ካርቶን ይዘህ ሂድ፤ ሥሯ ግባ። ከትራንስፈሩ ወደ ፊት የሚሄድ ካርዳን አንድ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ፣ ሁለቱንም በዓይንህ እይ። ካርዳኑ ቢኖርም አትመን። ደረቅ ሜዳ ፈልግ፣ ፎር ዊል አስገባ፣ መሪውን እስከ ጫፍ አጥፈህ ሁለት ሦስት ሜትር ቀስ ብለህ ንዳ። መኪናዋ መያዝ፣ ማንገራገር አለባት። ፊትና ኋላው አንድ ላይ ስለታሰረ፣ ጎማዎቹ ደግሞ መታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይሄዱ ነው የምታንገራግረው። እንደ ቅቤ ለስልሳ ከዞረች ፊቷ አልሠራም ማለት ነው። ጂምኒ (የሱዙኪ ትንሿ ፎር ዊል) ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው የአየር ቱቦ መቀደዱ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። የተነቀለ ካርዳን ፍለጋ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ መንከራተት ግን ሌላ ነገር ነው። ተንከራትቼ አይቼዋለሁ። (ሙከራው አልቆ ወደ አስፋልት ስትመለስ ማርሹን ማውጣት እንዳትረሳ። በዚያው ከቀጠልክ ትራንስፈሩን ትበላዋለህ።)

ሞዴሉን በተመለከተ ወገንተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። አሮጌውን ቪታራ እመርጣለሁ። ሱዙኪ በ1988 ሲያወጣው ከአካሉ የተለየ ጠንካራ ሻንሲ (የብረት አጽም) ላይ ነው የሠራው። ከሁሉ በላይ ግን ሎው አለው። ሎው የሚባለውን፣ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረውን ማርሽ፣ ብዙ ሰው ለጭቃ ብቻ ይመስለዋል። እኔ የወደድኩት ለቁልቁለት ነው። ከዝቋላ ስትወርዱ ሎው አስገብታችሁ በአንደኛ ማርሽ ትለቋታላችሁ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ፍሬን መንካት የለም። ሎው የሌላት መኪና የያዙ ሰዎች የሚወርዱት ፍሬን እየረገጡ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫቸው ይገባል።

ሎው ሌላም ጥቅም አለው፤ ከፍታ ላይ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል እዚሁ ያጣል። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ይብሳል። የጂምኒ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ሲጀመር 80 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። አራት ሰው፣ ድንኳን፣ ጄሪካን ጭና ዳገት ላይ ስታቃስት አትፍረዱባት። ሎው ያለው ትንሽ ሞተር ግን ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ጂምኒ ራሷ ከቪታራ ይልቅ ለገደል የተፈጠረች ናት። አጭር፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ፣ ከፊትም ከኋላም ሙሉ አክስል። ግን ሁለት ሰውና ሁለት ቦርሳ ናት፤ ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛ ሁለተኛ አብሯችሁ አይወጣም። ኒቫን የናቀ ሰው ኒቫ ነድቶ አያውቅም። ከ1977 ጀምሮ የተሠራች የሩሲያ መኪና ናት፤ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል፣ ሎው አላት፣ ፊትና ኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅደው የመሃል ዲፈረንሻሏም ይቆለፋል። ውስጧ ግን መነጋገር አይቻልም፤ ባልና ሚስት የተኳረፉ ከሆነ ጥሩ ናት። የዳይሃትሱ ቴሪዮስ ጠባብና ቀልጣፋ፣ ለከተማ ደስ የምትል ናት፤ ሎው ግን የላትም። በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ ቴሪዮስም ስላለ፣ እዚህም ካርቶኑ ያስፈልጋል። ራቭ ፎር? ለኮረኮንች መንገድና ለቤተሰብ ምርጥ ነው። ዋጋው ላይ የስሙ ክፍያ አለበት፤ ሎው ደግሞ የለውም። በዚያ ብር እኔ ቪታራ ገዝቼ በቀሪው ጎማ እቀይራለሁ።

ጎማ ካልኩ አይቀር፣ መረሬን በተመለከተ ራሳችንን አናታልል። ያ ጥቁር አፈር ሲረጥብ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ዶናት ያደርገዋል። ካርዳን ኖረ አልኖረ፣ ሎው ኖረ አልኖረ፣ ሁሉም አንድ ነው። ያን ቀን ካርዳኗ ቢኖር ኖሮ መቶ ሜትር ገፍቼ እዘፈቅ ነበር እንጂ አልሻገርም ነበር። በሬዎቹም ርቀው ይመጡ ነበር። ክረምት ላይ ዝናብ ከጣለ ሻይ ጠጥቶ ፀሐይ መጠበቅ ነው። በጋ ላይ ግን ድንጋይና ልል አሸዋ ከሆነ የጎማ ንፋስ መቀነስ ብቻውን ግማሽ ፎር ዊል ነው። መመለሻ ላይ መንፊያ መያዝ ነው እንጂ።

ሥሯ ከገባችሁ አይቀር ሻንሲዋንም እዩ። የተበየደ፣ የተጣመመ፣ ወይም ትኩስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ ካያችሁ ጠይቁ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ሞተር የተቀየረለት መኪና ብዙ ነው፤ ወረቀቱ ካልተቀየረ ጣጣው የእናንተ ይሆናል። አካሉ ላይ ትንሽ ማግኔት አሂዱ፤ የተጎዳ አካል መሙያው ስቱኮ የበዛበት ቦታ አይዝም። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቀለምና ስለ ቴፕ የሚወራው። ሻጮች በተቃራኒው ነው የሚያሳዩት፤ ቴፑን መጀመሪያ ይከፍቱላችኋል።

የእህቴ ልጅ ትናንት መልሶ ደወለ። ሰሚት አካባቢ አንዲት ነጭ ቪታራ አግኝቷል። «ጋሼ፣ መብራቱ ይሠራል!» አለኝ በደስታ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ካርቶኑን እኔ እይዛለሁ፤ የሚተኛበት ግን እሱ ነው።