የጽሑፍ ፋይል ፋራ አይደለም!

ኧረ ደሜ ፈልቷል! አሁን ከካፌው ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ነኝ፤ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

የቤታችንን ዊኪ፣ ማለትም ቤተሰቡ በጋራ የሚጠቀምበትን የማስታወሻ ድረ ገጽ ታውቁታላችሁ። የእማዬ የበርበሬ ልክ፣ የአባዬ የዘር ሐረግ፣ የቤቱ ካርታና የግብር ደረሰኝ፣ የእድሩ ጣጣ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ሳሎን ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ልተክለው ነበር። የቀሩኝ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። ጽሑፉ ምን ላይ ይቀመጥ? ሰውስ በምን ይግባ? ለዚህ ነው «ጎበዝ ባለሙያ ነው» ተብሎ የተጠቆመልኝን ልጅ ያገኘሁት።

«ስንት ተጠቃሚ አለሽ?»

«ሦስት። እኔ፣ እማዬ፣ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ።»

ሳቀ። አስተናጋጇ ዞራ እስክታየን ድረስ ሳቀ።

«እና ምን ላይ ልታስቀምጪው ነው?»

«ዶኩዊኪ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ።» ዶኩዊኪ የዊኪ መሥሪያ ፕሮግራም ነው።

«ቴክስት ፋይል? ኧረ ፋራ ነገር ነው! ፖስትግሬስ ነው የሚያስፈልግሽ። ሎጊኑን በጎግል አድርጊው። ካልፈለግሽ ኪይክሎክ እተክልልሻለሁ።»

ፖስትግሬስ ትልቅ ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም ነው። ኪይክሎክ ደግሞ የተጠቃሚዎችን ሎጊን፣ ማለትም መግቢያ፣ የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ኪይክሎክ! ለሦስት ሰው! ቡና ለሚጠጡ ሦስት ጎረቤቶች የሠርግ ድንኳን መጣል ማለት እኮ ነው።

«መብራት ሲሄድስ?» አልኩት። «ዩፒኤስ ግዢ» አለኝ። «ኢንተርኔት ሲጠፋስ?» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያኔ ያንቺ ዊኪ ለማን ትዝ ይለዋል?»

ለእኔ! ለእኔ ትዝ ይለኛል! ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ምን እንደነበርን ረሳችሁት? ኢንተርኔት ቢዘጋም እኮ የቤት ዋይፋይ ይሠራል። ስልኬና ሳሎን ያለችው ኮምፒውተር በገመድ አልባው እርስ በርስ ይነጋገራሉ። በጎግል ብቻ ነው የሚገባው ካልኩ ግን በር ከፋቹ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ይሆናል። ኮምፒውተሯ ከፊቴ ቁጭ ብላ የእናቴን ጽሑፍ ማየት አልችልም ማለት ነው። ይሄንን ላስረዳው ስጀምር ስልኩን አወጣ። እያወራሁ እኮ ነው!

ዶኩዊኪ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዳታቤዝ የሚባል ነገር አይፈልግም። እያንዳንዱ ገጽ አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። የድሮው ቅጂ «አቲክ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ተጨምቆ ይቀመጣል። የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ራሱ ፋይል ነው። ባክአፕ ማለት ፎልደሩን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው፣ አለቀ። ነገ ዶኩዊኪ ከምድር ቢጠፋ እንኳ የእማዬን ድልህ በማንኛውም ጽሑፍ መክፈቻ አነበዋለሁ። ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝም አንድ ፋይል ነው፣ እሱን አልጠላም። ግን እየተጻፈበት እያለ ዝም ብሎ ከተገለበጠ ቅጂው ሊበላሽ ይችላል።

ፍለጋውን ደግሞ ስሙ። ባለሙያው «ፖስትግሬስ ካልወደድሽ ማይኤስኪውኤል» ብሎኝ ነበር፤ እሱም ሌላ ዳታቤዝ ነው። የማይኤስኪውኤል የጽሑፍ ፍለጋ እንደመጣ ከተተወ ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል መዝገቡ ውስጥ አያስገባም። ለእንግሊዝኛ ምንም አይደል። ለእኛስ? ዶሮ 2 ፊደል። ወጥ 2 ፊደል። ጤፍ፣ ቅቤ፣ ሥጋ፣ ውሃ፣ ቤት፣ ሰው፣ ሁሉም 2 ፊደል! እናቴ «ዶሮ ወጥ» ብላ ፈልጋ «የለም» ልትባል ነው። በእርግጥ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ችግሩ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ፖስትግሬስም ቢሆን አብረውት ከሚመጡት ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። ስለዚህ «ቤት» ብለህ ብትፈልግ «ከቤታችን» የሚለውን አያመጣልህም።

ፀሐይና ጸሀይን እንደ ሁለት ቃል ማየቱ የፋይልም የዳታቤዝም ችግር ነው። ልዩነቱ ፋይል ከሆነ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ላይ የሚፈልግ አጭር ትእዛዝ ራሴ ጽፌ ማሮጥ እችላለሁ።

የገጽ ስሙንም ጠየቅኩት። ዶኩዊኪ እንደመጣ ከተተወ የአማርኛ የፋይል ስም በፐርሰንት ምልክት ይቀየራል። አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። የፋይል ስም ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ 255 ምልክት ስለሆነ፣ መጨረሻው ላይ «.txt» ሲጨመርበት ከ27 ፊደል በላይ የሆነ ርዕስ አይገባም። መፍትሔው «ኤፍኤንኤንኮድ» የምትለዋን ቅንብር ፊደሉን እንዳለ ወደሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 መቀየር ነው። ባለሙያው ሰምቶት አያውቅም! እኔን ፋራ ያለው ሰው!

ወደ ሎጊን ልመለስ። «ለእህትሽ በኤስኤምኤስ ኮድ እናድርግላት» አለኝ። እህቴ እኮ የሀገር ቤት ሲሟን ሳትጠቀምበት ቆይታ ቁጥሯ ለሌላ ሰው ተሸጧል! ዛሬም የማታውቀው ሰውዬ የእሷን ኮድ እየተቀበለ ነው። እዚህም ሆኖ ኮዱ መቼ በጊዜ ይመጣና? ባለፈው ክፍያ ልፈጽም ቆሜ፣ ኋላዬ ሰልፍ ተሰልፎ፣ ኮዱ የመጣው ቤቴ ገብቼ እራት ከበላሁ በኋላ ነው። ሰልፈኛው ፊት የቆምኩትን መቆም አልረሳውም።

በሰዓት የሚሠራ ባለ 6 አሃዝ ኮድ አለ አይደል? በየ30 ሰከንዱ የሚቀየረው። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ሲም አይፈልግም። ለእህቴ እሱን ከፓስወርድ ጋር አደርግላታለሁ። ለእማዬ ግን አይሆንም። ስልኳን በሐበሻ ሰዓት ነው የሞላችው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን 1:00 እንዲል በእጅ አስተካክላዋለች። ስልኩ ከእውነተኛው ሰዓት 6 ሰዓት ስለሚርቅ ኮዱ በጭራሽ አይገጥምም። እሷን ሰዓትሽን ቀይሪ የምል ልጅ አይደለሁም። ለእሷ ቤት ውስጥ ማንበብ ያለ ፓስወርድ ክፍት ይሆናል፤ መጻፍ ስትፈልግ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ይሄን ሁሉ ሳወራ የሰማው ያለ አይመስለኝም። ሲነሳ «የምክር» ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ማኪያቶውንም ከፈልኩ። ጨቅጭቄ ምን አተርፋለሁ፣ ደከመኝ።

ማታ ራሴ እጭነዋለሁ። ዶኩዊኪ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) የሠራ ወይም የጀመረ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የጀመረም ቢሆን አብሬው እቀጥላለሁ።