«ጋሼ፣ ምን ሰረቅኩ?»

ባለፈው ሐምሌ እዚህ ለንደን ውስጥ ማኅበረሰባችን ባዘጋጀው የልጆች የእግር ኳስ ውድድር ላይ አንድ አባት ዳኛዋን «ሌባ!» ብሎ ጮኸባት። ዳኛዋ የ15 ዓመት ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ከእናቷ ጋር በአማርኛ የምታወራ የእኛው ልጅ። አማርኛ የማትሰማ ብትሆን ኖሮ ቃሉ ባለፋት ነበር። እሷ ግን ሰማች። በእረፍት ሰዓት መጥታ «ጋሼ፣ ምን ሰረቅኩ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የመጣለትን ኳስ በቴስታ መታው፤ እሷም ፊሽካዋን ነፋች። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከ9 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ጨዋታ ሆን ብሎ ኳስን በጭንቅላት መምታት ተከልክሏል፤ ልጆቹ ጭንቅላታቸው እንዳይጎዳ ነው። ልጅቷ ይህን ተምራለች። አባትየው አልተማረም። የማያውቀው የምታውቀውን ሌባ አላት!

እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር። በድንጋይ ጎል ስንጫወት ዳኛ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ የኳሱ ባለቤት ያለው ይጸድቃል፣ ካኮረፈም ኳሱን ይዞ ይገባል። አድጌ አዲስ አበባ ስታዲየም ስገባ ደግሞ ከሰው ጋር «ዳኛ ሌባ!» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። 17ቱን የጨዋታ ሕጎች ያነበብኩት ግን ከአርባ ዓመቴ በኋላ፣ በሰው አገር ነው። የልጄ ቡድን ዳኛ አጥቶ ጨዋታው ሊሰረዝ ሲል አሰልጣኙ «ለምን አንተ አትማርም?» አለኝና ተመዘገብኩ።

መጀመሪያ በኮምፒውተር የሚወሰድ ትምህርት አለ፤ ቀጥሎ ሜዳ ላይ በፊሽካ መለማመድ። ከልጆች ጋር ስለምንውል ትልልቆቹ ከወንጀል ነፃ መሆናችን ይጣራል። ከ14 ዓመት ጀምሮ መማር ስለሚቻል አብረውኝ ከተማሩት ብዙዎቹ የልጄ እኩዮች ነበሩ። ከውርወራ በቀጥታ የመጣን ኳስ የተቀበለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ እንደማይባል ያስረዳኝ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነው። በዚህች አንድ ነገር ብቻ ስንቱን የመስመር ዳኛ እንደሰደብኩ ሳስብ ቀና ብዬ ልጁን ማየት አቃተኝ።

እንግሊዞቹስ? እነሱም ይሳደባሉ፣ ያውም አስነዋሪ ስድብ። እ.ኤ.አ. በ2023 በሚድልስብሮ ከተማ የአዋቂዎች ሊግ ዳኞች ደረታቸው ላይ ካሜራ አድርገው እንዲያጫውቱ ሙከራ የተጀመረው ስድቡና ድብደባው ስለበዛ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከስድቡ በኋላ ነው። በሰፈር ደረጃ በሚደረግ የአዋቂዎች ጨዋታ ዳኛን የተጨቃጨቀ ተጫዋች 10 ደቂቃ ውጪ ይቀመጣል። አንድ ወላጅ ፊቴ ድረስ መጥቶ ሲሰድበኝ ሪፖርት ጻፍኩ፤ መልስ መጣ፤ ሰውየውን ለተወሰኑ ሳምንታት ሜዳው አጠገብ አላየሁትም።

እኛ ዘንድስ? ሁለት ትልልቅ ሰዎች ልጅቷን ወደ ዳር ወስደው «ተይው የኔ ልጅ፣ የኳስ ስሜት ነው፤ እሱ ልቡ ጥሩ ነው» አሏት። የተሰደበችው እሷ፣ ቻይው የምትባለውም እሷ! አባትየውን ማንም አልተናገረውም። ያበሸቀኝ ይሄ ነው። ከስድቡ ይልቅ ይሄ ነው።

በዓምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. ለ2018 የሩሲያ ዓለም ዋንጫ በዳኝነት ሲመረጥ በኩራት ፎቶውን ያልለጠፈ ማን ነበር? ዳኛዋ ሊዲያ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ፈረንሳይ ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ስትሄድ እልል ያልነው እኛው ነን። እነሱም እኮ የሆነ ቀን፣ የሆነ አቧራ ሜዳ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊሽካ ነፍተዋል። ያን ዕለት ከዳር ቆሞ የጮኸባቸው የእኛ ዓይነት ሰው እንደሚሆን አልጠራጠርም። ባይጸኑ ኖሮ በማን ልንኮራ ነበር?

የዘንድሮው ውድድር ሊደርስ ነው። አዘጋጆቹ ዳኛ ስላጠራቸው ልጅቷን እንድጠይቅላቸው ደወሉልኝ። ጠየቅኳት። በየእሑዱ ጠዋት፣ በዝናብም በብርድም የእንግሊዞቹን ልጆች ታጫውታለች፤ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

«የእኛዎቹን ግን ይቅርብኝ፣ ጋሼ» አለችኝ።