ደስታን ለነገ የቀጠረ ትጋት

ደሴ ውስጥ ወጣት ሆኖ ስለ ኑሮው የሚጠየቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው አሁን ስላለበት ሕይወት ሳይሆን ወደፊት ስለሚጀምረው ሕይወት ነው። ሁለተኛ ዲግሪው ሲያልቅ፣ የቤት መሥሪያ ቦታው ሲገኝ ወይም የዓረብ አገሩ ጉዞ ሲሳካ ያኔ ዘመድ ይጠየቃል፣ ያኔ ትዳር ይታሰባል፣ ያኔ ሐይቅ ሄዶ አንድ ቀን ውሎ መምጣት ይቻላል። ሐይቅ ግን ከደሴ የሚርቀው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ምኞትን እየነቀፍሁ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም ያ ሁሉ ረሃብ ባለፈበት በወሎ ምድር ቆሞ «ለነገ አታስቡ» ብሎ መምከር ድፍረት ነው። ራሱ ሳይማር ልጁን ያስተማረ ወላጅ፣ ልጁ ከእርሱ የተሻለ ደረጃ እንዲደርስ መጓጓቱ ያስመሰግነዋል። የምቃወመው ደስታን የትጋት ደመወዝ አድርጎ የሚቆጥረውን፣ የደመወዙንም ቀን በየጊዜው የሚያራዝመውን አስተሳሰብ ነው። ዲግሪው ሲገኝ ዕድገት፣ ዕድገቱ ሲገኝ ቤት፣ ቤቱ ሲሠራ ፎቅ ይከተላል፤ የክፍያው ቀን ግን አይደርስም።

ነገም ቢሆን በእኛ ልፋት ብቻ የሚወሰን አይደለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ዕቅዳቸውን በእርሱ ላይ መሥርተው ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንም ኮምቦልቻንም ያዳረሰ ሲሆን፣ የብዙ ዓመት ጥሪት በሳምንታት ውስጥ ተዘረፈ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ለመግባት ከሚያስችለው ከአጎዋ ተጠቃሚነት በማስወጣቷ ልብስ እየሰፉ ወደዚያ ለሚልኩ ፋብሪካዎች ገበያው ጠበበ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዳንዱ «የጠፋውን መመለስ አለብኝ» ብሎ እንቅልፉን ጭምር ለሥራ ሰጠ፤ አንዳንዱም «የነገን ማን አይቶት» ብሎ ያገኘውን በዕለቱ ማጥፋት ጀመረ። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ዛሬንና ነገን እንደ ባላንጣ መቁጠራቸው ያው አንድ ስሕተት ነው።

በወሎ ልማድ ዛሬና ነገ እንዲህ ተጣልተው አልነበረም። ሰዎች ተሰብስበው፣ ተጫውተው የሚጥሉት ዕቁብ ለብዙዎች የመጀመሪያውን ሱቅ ያስከፈተ ገንዘብ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት ቅሬ፣ የወሎው ዕድር፣ የዛሬ መጽናኛ እንደሆነ ሁሉ የነገም ዋስትና ነው። የትኛው ቤት እንደሚከራይ፣ የትኛው ድርጅት ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ የሚሰማው ጎረቤት ቡና ላይ ነው። ከዘረፋው በኋላ ንግዳቸውን እንደገና ካቆሙት የማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ መነሻ ገንዘብ ያገኙት በደጉ ጊዜ ቡና ካጣጧቸው ሰዎች ነው። እንግዲህ ለስኬት ሲል ከጎረቤት የሚሸሽ ሰው ጊዜ ያተረፈ ቢመስለውም፣ የሚከስረው ደስታውን ብቻ ሳይሆን የዕቅዱንም ድጋፍ ነው።

እዚህ ላይ የቡናውን ውበት የምናወድስ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ የምንዘለው ነገር አለ። ከአቦል እስከ በረካ ሁለት ሰዓት በደስታ የምንቀመጠው አንዲት ሴት ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ስኒውን አጥባ ስለምታቀርብልን ነው። ለፈተና የምትዘጋጅ ልጅ በየዕለቱ ቡና እንድታፈላ እየተጠራች ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ከተቀመጠ፣ የቤተሰቡ ጨዋታ የሚከፈለው ከእርሷ ምኞት ተቀንሶ ነው። ዛሬን ማጣጣም የሚባለው ነገር ክብር የሚኖረው ወንድሙም ምጣድ መያዝ ሲለምድ ነው።

ጫቱንም ሳላነሣ አላልፍም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ርእስ ነውና በአጭሩ ልናገር። ከሰዓት በኋላ በምርቃና የሚታቀደው ፋብሪካ ሁሉ ቢሠራ ኖሮ ቦርከና ወንዝ ዳር ባዶ መሬት አይገኝም ነበር። ይህ ዛሬን መኖር አይደለም፤ ዛሬም ነገም አብረው የሚባክኑበት ውሎ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ እምነት አንድ ሰው ግብ ሲያወጣ ግቡ መቼ እንደሚበቃው አብሮ መወሰን አለበት። ለቤት መሥሪያ የሚቆጥብ ሰው ስንት ክፍል እንደሚበቃው አስቀድሞ ካልወሰነ፣ የጎረቤቱ ፎቅ ይወስንለታል። ውጭ አገር የምትሄድ ልጅም ምን ያህል ይዛ እንደምትመለስ ከቤተሰቧ ጋር ብትስማማ፣ በየዓመቱ «አንድ ዓመት ጨምሪ» የሚላት አይበዛባትም ነበር። ተቋማትም ድርሻ አላቸው፤ ኮምቦልቻ ሠርቶ ደሴ የሚማር ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ቅዳሜና እሑድ ለትምህርቱ ከዋለ ለቤተሰቡ የሚተርፈው ድካሙ ብቻ ነው። የሳምንቱ መጨረሻ መርሐ ግብር ያላቸው ኮሌጆች የእሑድን ከሰዓት በኋላ ነፃ ቢያደርጉ፣ ትምህርቱ ጥቂት ወራት ቢራዘም እንጂ ጥራቱ የሚጓደልበት ምክንያት አይታየኝም።