ማስተካከያ፦ ካሜራው የልጅየው ነበር

ባለፈው ሳምንት ስለ ስፔኑ ራሞን ሜኔንዴስ ፒዳል በለጠፍኩት ጽሑፍ አባትና ልጅን አምታትቻለሁ። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የስፔንን የገጠር ኑሮ በፊልምና በፎቶ ያስቀሩት እሳቸው ናቸው ብዬ ነበር። አይደሉም፤ ልጃቸው ጎንዛሎ ናቸው።

ራሞን (1869–1968) የቋንቋ ሊቅ ነበሩ፤ የስፔንን የቋንቋ አካዳሚ መርተዋል። ጎንዛሎ ግን የታሪክ ምሁር ናቸው። በ1911 ማድሪድ ተወልደው በ2008 አረፉ። አባል የነበሩትም በታሪክ አካዳሚ ነው። ይህን ያረጋገጥኩት ከዚያው አካዳሚ የሕይወት ታሪክ መዝገብ ነው።

በ1931 የተቋቋመው የያኔው የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት የትምህርት ዘመቻ መጻሕፍት፣ የፕራዶ ሙዚየም ሥዕሎች ቅጂና የፊልም ማሳያ ጭኖ ሲኒማ አይተው ወደማያውቁ መንደሮች ይጓዝ ነበር። ወጣቱ ጎንዛሎ አብረው ሄደው ቀረጹ። ገጣሚው ሎርካ የሚመራቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየአደባባዩ ቲያትር ሲያሳዩም ቀርጸዋል።

ስለዚህ «የቋንቋ አካዳሚው መሪ ካሜራ አንግተው» ያልኩት አንቀጽ ተሰርዟል። ራሞን ያኔ ስልሳን አልፈው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ባሰላ ኖሮ ይገባኝ ነበር። ጽሑፉን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ስሙን አስተካክሉት።