ትልቁ ተዘጋ፣ ጥጉ ላይ ያለው ቀረ፦ የፊላደልፊያ የወንዶች ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ

የፊላደልፊያ ሊቀ ጳጳስ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት ዘመኑ ሲያበቃ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። አንደኛው የከተማዋ ሰው «ኖርዝ ካቶሊክ» እያለ የሚጠራው የወንዶች ትምህርት ቤት ነበር። በ1926 ተከፍቶ በ1950ዎቹ ከ4,500 በላይ ተማሪዎች ያስተማረ፣ በዓለም ላይ ካሉት የወንዶች ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልቁ እየተባለ የሚጠራ ቤት ነው። በሩ ሲዘጋ የቀሩት 550 ያህል ብቻ ነበሩ። መሐል ከተማ፣ ብሮድና ቫይን ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ የቆመው ሮማን ካቶሊክ ግን፣ በአጥሩ ውስጥ የኳስ ሜዳ እንኳ የሌለው ሕንፃ፣ ዛሬም ወንዶችን ብቻ ተቀብሎ ያስተምራል።

የኖርዝ ካቶሊክ መዘጋት ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰፈሩ መለወጥ ነው። ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ የአየርላንድ፣ የጀርመንና የፖላንድ ዘር ያላቸው ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ወጡ፣ የሚመዘገብ ልጅ አነሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። ሮማን ካቶሊክም በዙሪያው በሚኖር ሰው ላይ ተመክቶ አያውቅም። ሕንፃው በማን ገንዘብ ተሠራ፣ መሬቱ በማን ስም ነው፣ ክፍል ውስጥ የሚቆመው መምህር ደመወዙን ከየት ያገኝ ነበር ብሎ መጠየቅ ሌላውን ግማሽ ያሳያል።

ታሪኩን ከሥር እንጀምር። በ1844 ፊላደልፊያ ውስጥ በካቶሊክ ስደተኞች ላይ ረብሻ ተነሥቶ የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ አውግስጢኖስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከጠቡ መነሻዎች አንዱ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይነበብ የሚለው ክርክር ነበር። ከዚያ በኋላ ካቶሊኮቹ ልጆቻቸውን በራሳቸው ቤት ማስተማርን እንደ ግዴታ ቆጠሩት። ከ1852 እስከ 1860 ጳጳስ የነበረው ጆን ኒውማን፣ በኋላ በ1977 ቅዱስ የተባለው፣ የቁምስና (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ትምህርት ቤቶችን በአንድ ሀገረ ስብከታዊ አሠራር ሥር አደራጀ። በ1884 የባልቲሞር ሦስተኛው አጠቃላይ ጉባኤ እያንዳንዱ ቁምስና ትምህርት ቤት እንዲከፍት ደነገገ። ድንጋጌው ግን የመጀመሪያ ደረጃን የሚመለከት ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ የሠራተኛ ልጅ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት ካቶሊክ ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ ከፍሎ የሚማርባቸው የገዳማውያን ማኅበራት ኮሌጆች ነበሩ፣ በነጻ የሚገባበት ግን የለም።

ይህን ክፍተት የዘጋው ቶማስ ካሂል የተባለ ነጋዴ ነው። በ1878 ሲሞት ሀብቱን ከቁምስና ትምህርት ቤቶች ለሚወጡ ወንዶች ነጻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሠራበት ተናዞ ሄደ። በ1890 ሮማን ካቶሊክ ተከፈተ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነጻ የሀገረ ስብከት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚባለውም እርሱ ነው። የሕንፃውን ንድፍ የሠራው ኤድዊን ፎረስት ዱራንግ ነው፤ በከተማዋ በርካታ አብያተ ክርስቲያናትን የነደፈ ሰው ስለሆነ ትምህርት ቤቱም የቤተ ክርስቲያን መልክ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ሆኖ ወጣ።

ስለ ቦታው ምርጫ ግን ብዙ አይነገርም። ካሂል ያሰበው ለአንድ ቁምስና ሳይሆን ለከተማው ሁሉ ስለነበር፣ ትምህርት ቤቱ ከየአቅጣጫው በሚደረስበት መሐል መቀመጥ ነበረበት። በ1928 የብሮድ ጎዳና የምድር ውስጥ ባቡር ሲከፈት አንዱ ጣቢያ አጠገቡ ወደቀ። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ደግሞ የቦታ ጥበት ነው። እግር ኳስም ሆነ ሩጫ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው፤ ለመስፋፋት ሲታሰብ ጎረቤት ሕንፃ መግዛት እንጂ በግቢ ውስጥ መጨመር አይቻልም። ትምህርት ቤቱ በቅርጫት ኳስ ስም ማውጣቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በአንድ ጣራ ሥር የሚያልቅ ጨዋታ ነው።

ኖርዝ ካቶሊክ የተሠራው በተቃራኒው ሐሳብ ነው። ከ1918 እስከ 1951 ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ካርዲናል ዶኸርቲ ዘመን የግንባታ ዘመን ነበር። ከተማው በክልል ተከፍሎ እያንዳንዱ ቁምስና ልጆቹን ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚልክ ተወሰነ፤ ወላጅ አይመርጥም፣ ቁምስናው ነው የሚመድበው። ወጪውም ከቁምስናዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ይሸፈን ነበር። ሥርዓቱ ሲሠራ ግሩም ነው፤ ተማሪ መመልመል የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ሕንፃው በየዓመቱ ይሞላል። ደካማ ጎኑ ትምህርት ቤቱ የራሱ የሆነ ምንም ነገር እንዳይኖረው ማድረጉ ነው። መሬቱ የሀገረ ስብከቱ፣ ተማሪው የቁምስናው፣ መምህሩ የማኅበሩ። ኖርዝ ካቶሊክን ይመሩ የነበሩት የቅዱስ ፍራንሲስ ደ ሳልስ ኦብሌት ካህናት ናቸው።

መምህሩ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሒሳቡ የተበላሸው እዚህ ጋ ነውና። በ1950 በአሜሪካ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት ካህናት፣ ወንድሞችና ደናግል ነበሩ። ዛሬ ከመቶ ሦስት አይሞሉም። መነኩሴ መምህር የሚከፈለው ለማኅበሩ የሚገባ አነስተኛ አበል ነው፤ የሚኖረው በግቢው፣ የሚበላው ከጋራ ማዕድ፣ የጡረታው ጉዳይ የማኅበሩ። በእርሱ ቦታ ቤተሰብ ያለው ምእመን ሲቀጠር ደመወዝ፣ የጤና መድን፣ የጡረታ መዋጮና የአሠሪ ግብር በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ያውም ተማሪው እየበዛ ሳይሆን እያነሰ በሚሄድበት ሰዓት። በ1965 ኦክቶበር 28 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሁለት ሰነዶች በአንድ ቀን አወጣ፤ አንዱ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት፣ ሌላው ስለ ገዳማዊ ሕይወት መታደስ። በመጀመሪያው ትምህርት ቤቶቹ ተመሰገኑ። በሁለተኛው ማኅበራቱ ራሳቸውን እንደገና እንዲመረምሩ ተጠሩ፤ ቀጥሎ በመጡት ዓመታትም ብዙዎች ልብሰ ምንኵስናቸውን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት 36,000 ያህል የነበሩት ኢየሱሳውያን (ጄዝዊት የሚባለው ማኅበር አባላት) ዛሬ 15,000 አይሞሉም።

አሁን ሕንፃውን እንይ። ለ4,500 ልጅ የተሠራ ሕንፃ ለ550 ልጅ ሲውል ወጪው በዚያው ልክ አይወርድም። ለምሳሌ ያህል ማሞቂያ፣ ጣራ፣ መድን፣ ጥበቃና ጽዳት በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃሉ እንበል። ለ4,500 ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 333 ዶላር ነው፤ ለ550 ሲካፈል 2,727 ዶላር። አንድ ፎቅ ዘግቶ መቆጠብ ይቻላል የሚለው ሐሳብ በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ይነሣል፣ በተግባር ግን ብዙም አያዋጣም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከአንድ ቦይለር በሚወጣ እንፋሎት የሚሞቁ ናቸው፤ አንዱን ክንፍ ለብቻው መዝጋት ቢፈለግ ቱቦው ተቆርጦ ቫልቭ መግባት አለበት፣ ቱቦው ላይ ያለው ሽፋን ደግሞ በአብዛኛው አስቤስቶስ ስለሆነ በልዩ ባለሙያ ሳይነሣ አይነካም። ያልሞቀ ፎቅ ላይ የቀረ የውኃ መስመር በክረምት ይፈነዳል፤ ውኃውም ሰው ወዳለበት ፎቅ ይወርዳል።

የድንጋይ ሕንፃ ያላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። የድሮው ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ሕንፃው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሰጣል። ገንዘብ ሲያጥር ርካሹ ተቋራጭ ይጠራና የተቦረቦረውን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ይሞላዋል። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ይጠነክራል፤ እርጥበቱ በመጋጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል፣ ብርድ ሲመጣ በረዶ ሆኖ ፊቱን ይልጠዋል። በአንድ ክረምት አይታይም። ከዓመታት በኋላ ግን መጋጠሚያው ቀጥ ብሎ ቆሞ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ያኔ የሚለወጠው መጋጠሚያው ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ነው። የትምህርት ቤት ቦርድ አባል ለመሆን የሚፈልግ ሰው ከመፈረሙ በፊት ግድግዳውን በቅርብ ቢያይ የሒሳብ ሪፖርቱን ከማንበብ ያላነሰ ያውቃል።

በዚያው ከተማ የማኅበራቱ ትምህርት ቤቶች ሌላ መንገድ ሄዱ። የኢየሱሳውያኑ ቅዱስ ዮሴፍ ፕሬፕ በ1851 የተመሠረተ ነው። በ1966 ጃንዋሪ መጨረሻ ሕንፃው በእሳት ወደመ። ብዙዎች ከሰሜን ፊላደልፊያ ወጥቶ ወደ ከተማ ዳር ይሄዳል ብለው ጠበቁ፤ ምቹ ሰበብም ነበር። ኢየሱሳውያኑ ግን እዚያው ቆርጠው ሠሩ። አጠገቡ ያለው የጀዙ ቤተ ክርስቲያን፣ ያው ዱራንግ የነደፈው፣ ቁምስናው በ1993 ሲዘጋ የትምህርት ቤቱ ሆነ። ላ ሳል በአንጻሩ ተነሥቶ ሄዷል። የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች በ1858 የጀመሩት በቅዱስ ሚካኤል ቁምስና ነው፤ በረብሻው የተቃጠለችው ያቺው። በ1930 ከኮሌጁ ጋር ወደ ኦልኒ፣ በ1960 ደግሞ ከከተማው ወሰን ወጣ ብሎ ወደ ዊንድሙር ሄደ፤ አሁን 84 ኤከር፣ ማለትም 34 ሔክታር ያህል ግቢ አለው። አንዱ ቆየ፣ አንዱ ሄደ፤ ሁለቱም ቆመዋል። ስለዚህ መሄድ ወይም መቆየት መልሱ አይደለም። ሁለቱም በራሳቸው ቦርድ መወሰን ይችሉ ነበር፣ በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ፣ ለስኮላርሺፕ የሚለምኑትም በራሳቸው ስም ነው። ይህን ዋጋ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ በራሱ አይችለውም። ካሂል ሊያስቀር የፈለገው ክፍተት በሌላ በር ተመልሶ መግባቱን ደብቆ ማለፍ አይገባም።

ኑዛዜ ብቻውን ያድናል ማለቴም አይደለም። ሮማን ካቶሊክ ራሱ በ1986 ሊዘጋ ታስቦ ነበር፤ ያተረፉት ገንዘብ ያዋጡ የቀድሞ ተማሪዎቹ ናቸው። የኖርዝ ካቶሊክ የቀድሞ ተማሪዎች በቁጥር ከእነርሱ ይበዛሉ፣ ፍቅርም አላነሳቸውም። የመዘጋቱ ውሳኔ የተነገራቸው ግን በ2009 መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ መዝጊያው በቀጣዩ ዓመት የትምህርት ዘመኑ ሲያበቃ ነው። በ2012 ጃንዋሪ አንድ ኮሚሽን ሌሎች አራት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ በሰባት ሳምንት ገደማ ገንዘብ ተሰብስቦ አራቱም ተረፉ፤ የ17ቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተዳደርም ለአንድ ፋውንዴሽን ተሰጠ። እዚህ ላይ የፔንስልቬንያ ሕግ ረድቷል፦ ለስኮላርሺፕ ገንዘብ የሚሰጥ የንግድ ድርጅት ከሰጠው 75 በመቶው፣ ለሁለት ዓመት ቃል ከገባ 90 በመቶው ከግብሩ ይቀነስለታል።

ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚወረወረው ሐሳብ «ሴቶችንም እንቀበል» ነው። ክርክሩ ወዲያው ወደ ትምህርታዊ ጥቅም ይሄዳል፤ ወንዶች ለብቻቸው ይሻላሉ፣ የለም አይሻሉም። በ2014 የታተመ፣ ከ21 አገሮች 184 ጥናቶችንና 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን ያካተተ ግምገማ በደንብ በተሠሩት ጥናቶች ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ወዲያም ወዲህም መማል ዋጋ የለውም። ሒሳቡ ላይ ግን ልዩነት አለ። አንድን የወንዶች ትምህርት ቤት ለሁለቱም ጾታ ማድረግ መጸዳጃ ቤትና ልብስ መቀየሪያ በየፎቁ መጨመር፣ የሴቶች የስፖርት ቡድኖች ማቋቋም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአካባቢው ያለውን የሴቶች ካቶሊክ ትምህርት ቤት ተማሪ መሻማት ማለት ነው። ዌስት ካቶሊክ ላይ በ1989 የሆነው የተሻለ ነበር፤ የወንዶቹና የሴቶቹ ትምህርት ቤቶች ተዋሕደው ወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ሕንፃ ተሻገሩ፣ ስለዚህ የሚሞቀው ሕንፃ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ።

አደጋውን ቀድሞ ማየት ለሚፈልግ ከሁሉ የሚረባው ሰነድ በየቁምስናው ጽሕፈት ቤት ያለው የጥምቀት መዝገብ ነው። ዛሬ የተጠመቀ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ልጆች ከሚላኩባቸው ቁምስናዎች የወንዶችን ጥምቀት በየዓመቱ መደመር፣ ቀጥሎ የስምንተኛ ክፍል ወንዶችን መቁጠር፣ ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ በትክክል እንደተመዘገበ ማስላት፤ ይህ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ቁጥሩ ለቀድሞ ተማሪዎች በየዓመቱ ቢላክ፣ ገንዘብ የሚጠየቁት ውሳኔው ካለቀ በኋላ አይሆንም።

የኖርዝ ካቶሊክ ሕንፃ አልፈረሰም። ዛሬ በውስጡ ወንዶችንም ሴቶችንም የሚያስተምር ቻርተር ትምህርት ቤት አለ፤ ወላጅ አይከፍልም፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው።